የውሃው ልክ፦ ከጋይንት ወንዞች እስከ ጣና ታንኳ

ንፋስ መውጫ የደጋ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ በስተምዕራቧ የጉናን ግዙፍ ጀርባ ታያለች። በዙሪያዋ ሐይቅ የለም፤ ታንኳም የለም። ይሁን እንጂ በአገራችን የመንሳፈፍ ጥበብ ያለፈበትን መንገድ ለሚመረምር ሰው ከዚህ ደጋ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል። ጉና ውሃ ከፋይ ተራራ ነውና። ከምዕራባዊ ተዳፋቱ የሚነሱት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በደቡብና በምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ደግሞ የስማዳንና የእስቴን ቆላ እየሰነጠቀ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ያመራል። በአንድ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ በሁለት መንገድ ተጉዞ ኋላ በአንድ ወንዝ ይገናኛል። በእነዚህ ሁለት መንገዶች ላይ የኖረው ሕዝብም ሁለት የተለያዩ የመንሳፈፊያ መሣሪያዎችን አበጅቷል፤ በወንዙ በኩል አየር የተነፋ ቆዳ፣ በሐይቁ በኩል የደንገል ታንኳ።

ዓባይ በስማዳና በእስቴ በኩል ጎንደርንና ጎጃምን የሚለይ ጥልቅ ሸለቆ ነው። በበጋ መልካ መርጦ በእግርና በበቅሎ መሻገር ይቻል ነበር፤ ክረምት ሲገባ ግን መልካው ይጠፋል። በሞጣና በእስቴ መካከል ባለው ሰባራ ድልድይ ላይ፣ ቅስቱ ከፈረሰ በኋላ መንገደኛ ወገቡን በገመድ ታስሮ ከዳር እስከ ዳር እየተሳበ ሲሻገር ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ድልድዩ የተጠገነው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ድልድይ በሌለበት ሁሉ የሻጋሪው ተስፋ ስልቻ ነበር። የፍየል ቆዳ ሳይቀደድ ተገፎ፣ ተለፍቶና አፉ ታስሮ በትንፋሽ ይነፋል፤ ዋናተኛውም በደረቱ ተደግፎበት ማዕበሉን ይቆርጣል።

ለብቻው የሚሻገር ሰው ከስልቻው የሚፈልገው ጥቂት ነው። የሰው አካል እፍግታ ለውሃ እፍግታ በጣም ስለሚቀርብ አፍንጫንና አፍን ከውሃ በላይ ለማቆየት የጥቂት ኪሎ ድጋፍ ይበቃል። ጭነት ያለበት ነጋዴ ግን ሌላ ሒሳብ አለበት። በዚያ ዘመን በሰሜንና በጎጃም ገበያዎች መካከል ከሚመላለሰው ሸቀጥ ዋነኛው አሞሌ ጨው ነበር፤ አሞሌ ሸቀጥም ነው፣ ገንዘብም ነው፤ ውሃ ከነካው ደግሞ ይሟሟል። ስለዚህ ጭነቱ ከውሃው በላይ ስንት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ለነጋዴው የሀብት ጥያቄ ነበር።

መልሱን በቁጥር ማስቀመጥ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ 40 ሊትር አየር የያዘ፣ ራሱ 2 ኪሎ የሚመዝን ስልቻ እንውሰድ። 60 ኪሎ ጭነት በሁለት ስልቻ ላይ ቢቀመጥ ጠቅላላው ክብደት 64 ኪሎ ይሆናል። የሁለቱ ስልቻዎች ይዘት 80 ሊትር ነውና ከአምስት እጅ አራቱ ይሰምጣል፤ ጭነቱም በውሃው ፊት ላይ ይንጠለጠላል፤ አንድ ሞገድ ይበቃዋል። በአራት ስልቻ ላይ ቢሆን ግን 68 ኪሎ በ160 ሊትር ላይ ይከፋፈልና ስልቻዎቹ እስከ ግማሻቸው እንኳ አይሰምጡም። ይህን ነጋዴው በብዕር አልጻፈውም። አንድ ስልቻ በመጨመርና በመቀነስ ግን ሲሠራበት ኖሯል።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው ሕግ በትምህርት ቤት ሁሉ የሚታወቅ ነው። በሲራኩስ ከተማ የኖረው ግሪካዊው አርኪሜደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ስለ ተንሳፋፊ አካላት ሁለት መጻሕፍት ጽፏል። ስለ ንጉሡ ዘውድና ስለ ገላ መታጠቢያው የሚነገረው ተረክ ከእሱ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ የተጻፈ ነው፤ መጻሕፍቱ ግን የራሱ ናቸው። ፍሬ ነገሩ፣ ተንሳፋፊ ነገር ከራሱ ክብደት ጋር እኩል የሚመዝን ውሃ ገፍቶ ቦታውን ይይዛል ማለት ነው። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ሒሳቡ ለተማሪ እንኳ አያስቸግርም። መምህራን ከተማሪዎቻቸው ዘንድ አዘውትሮ የሚገጥማቸው ጥያቄ አለ፤ ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መገኘቱ የታንኳውን አቀማመጥ ይለውጠዋልን? አይለውጠውም። የመሬት ስበት በከፍታ በጥቂቱ ቢቀንስም የሚቀንሰው ለታንኳውም ለውሃውም እኩል ነውና።

አሁን ከወንዙ ወደ ሐይቁ፣ ከጉና ወዲያ ማዶ እንሻገር። የጣና ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በእስር በእስር ተደርጎ በልጥና በገመድ ጠብቆ ይታሰራል፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ ይቆለመማሉ። በ1760ዎቹ ዓ.ም. ጎንደርን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ታንኳውን በስሙ ጠቅሶ ሲገልጸው፣ በሆዱ ሥር ቀጥ ያለ የግራር እንጨት እንደ አከርካሪ እንደሚገባበት ጽፏል። በጥንታዊት ግብጽ መቃብሮች ግድግዳ ላይ የተሳሉት የደንገል ጀልባዎችም በቅርጻቸው የእሱ ዘመዶች ናቸው።

ታንኳ ከጣውላ ጀልባ የሚለይበት መሠረታዊ ነገር አለ። የጣውላ ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃ እንዳይገባ ተደርጎ በተዘጋው ባዶ ሆዱ ነው፤ ቀዳዳ ከተገኘበት ይሞላና ይሰምጣል። ታንኳ ግን ባዶ ሆድ የለውም። የሚንሳፈፈው በእያንዳንዱ የደንገል አገዳ ውስጥ ባለው እንደ ስፖንጅ ያለ ልምና በያዘው አየር ነው። ማዕበል ቢያልፍበት ውሃው በእስሮቹ መካከል ተንጠፍጥፎ ይወርዳል እንጂ አይሞላውም። በዚህ ረገድ እጅግ አስተማማኝ ነው። ድክመቱ ሌላ ነው፤ ቀስ እያለ ይጠጣል። ዛሬ ጠዋት የተነሳው ታንኳና ማታ የተመለሰው ታንኳ በክብደት አንድ አይደሉም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ለሒሳብ እንዲመች ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ሳጥን መሰል ታንኳ አለ እንበል። ይዘቱ 2 ሜትር ኩብ ነው። ደርቆ ሳለ 200 ኪሎ ቢመዝን፣ ባዶውን ሐይቅ ላይ ሲወጣ የሚሰምጠው 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከውሃ ጋር የሚገናኘው ስፋቱ 5 ካሬ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ኩንታል 2 ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል። ሰዎችንና እህልን ጨምሮ ስድስት ኩንታል ቢጫንበት 16 ሳንቲ ሜትር ይሰምጥና 24 ሳንቲ ሜትር ከውሃ በላይ ይቀራል፤ ይህ አንድ ስንዝር ያህል ነው። ሲውል ሲያድር አምስት መቶ ኪሎ ውሃ ቢጠጣ ግን፣ አንድም ሰው ሳይጨመርበት፣ ከውሃ በላይ የሚቀረው 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ቀዛፊው ያልጫነውን አምስት ኩንታል ሐይቁ ራሱ ጭኖበታል።

እውነተኛው ታንኳ ግን ሳጥን አይደለም፤ የክብ እስሮች ስብስብ ነው። ክብ ነገር ደግሞ በሒሳቡ ውስጥ የራሱን አመል ያመጣል። አጋድሞ የተኛ ክብ ግንድ ክብደቱ ይዘቱን ከሚያህል ውሃ አንድ አምስተኛ ከሆነ፣ የሚሰምጠው የቁመቱን አንድ አምስተኛ ሳይሆን ሩብ ያህል ነው፤ ከሆዱ በታች ጠባብ ስለሆነ። እየሰመጠ ወደ ወገቡ ሲቃረብ ስፋቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ የሚጨመረው ጭነት ያን ያህል አያሰምጠውም፤ ተሳፋሪውም ይዘናጋል። ውሃው ወገቡን ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስፋቱ እንደገና መጥበብ ይጀምራል። ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክብ እስር ላይ፣ በወገቡ አካባቢ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ የሚያሰምጠው ጭነት፣ ወደ ጀርባው ሲቃረብ ያው ራሱ ጭነት 10 ሳንቲ ሜትር ያሰምጠዋል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀደም ሲል «አንድ ሰው ቢጨመር ምን ይለዋል» ያሰኘው ልምድ ከወገብ በላይ አይሠራም። የውሃው መስመር ከእስሩ ወገብ በታች መሆኑን መመልከት፣ ያለ ቁጥርና ያለ ሚዛን በዓይን ብቻ ሊደረግ የሚችል ምርመራ ነው።

ይህን በመሰለ ጥያቄ ውስጥ አንድ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥትም ገብተው ነበር። በ1858 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳር በዘጌ ሰፍረው ሳለ፣ በጎንና በጎናቸው በእጅ የሚዞር መዘውር የተገጠመላቸው ትላልቅ የደንገል ጀልባዎች አሠርተዋል። ይህን የጻፈው ኋላ በመቅደላ ታስሮ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ነው። ብላንክ ሙከራውን በጥቂት ፌዝ ይተርከዋል። ፌዙ ግን ለፍርድ አይመችም። ንጉሡ የእንፋሎት መርከብ እንዴት እንደሚሄድ ሰምተዋል፤ የእንፋሎት ሞተር የላቸውም፤ ያላቸው ደንገልና የሰው ክንድ ነው። መዘውሩን ከደንገል ጋር ማጋባት የሞኝ ሐሳብ አልነበረም። ችግሩ የክብደት ነበር፤ በደንገል ላይ የሚጨመረው የእንጨት ወለል፣ የመዘውሩ ዘንግ፣ የሚያዞሩት ሰዎች ሁሉ ከላይ ሲጫኑ ታንኳው ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ባለ ቁጥርም መዘውሩ ከሚገባው በላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ ለማዞር ይከብዳል።

ያው ንጉሥ ከሁለት ዓመት በኋላ ፊታቸውን ወደ የብስ አዞሩ። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የተሠራውና ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ ወደ 7 ቶን እንደሆነ ይገመታል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ የጋይንትን ደጋ አቋርጦ፣ በጨጨሆ ገደል ወርዶ፣ ጂዳንና በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ሲደርስ መጋቢት ሆኖ ነበር። ሰው መንገድ እየቆፈረ፣ ቋጥኝ እየናደ፣ በትከሻውና በእጁ እየሳበ ግማሽ ዓመት ፈጅቶበታል። ወንዞቹ የተሻገሩት በበጋ፣ በመልካ ነው። ይህን መድፍ በደንገል ላይ አንሳፍፎ ማሻገር ይቻል ነበርን? ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት ደረቅ ታንኳ የራሱ ክብደት ሲቀነስ የሚሸከመው 1,800 ኪሎ ነው። አራት ቢታሰሩ 7,200 ኪሎ ይሆናል፤ መድፉ ተጭኖ የቀረው 200 ኪሎ የሦስት ሰው ክብደት ብቻ ነው፤ የታንኳዎቹም ጀርባ ከውሃው ጋር እኩል ይሆናል። አምስት መቶ ኪሎ ውሃ የጠጡ ከሆነ አምስቱ እንኳ አይበቁም። ሠራዊቱ የበጋውን መልካ መጠበቁ ያለ ምክንያት አልነበረም።

መርከብ ከመሠራቱ በፊት እስከ የት እንደሚሰምጥ አስቀድሞ አለማወቅ የአፍሪካ ብቻ ችግር እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። በአውሮፓ ታላላቅ የጦር መርከቦች ሲሠሩ የመድፎቹ መስኮቶች የሚቀደዱት መርከቡ ውሃ ላይ ከወጣ በኋላ የሆነበት ጊዜ ነበር፤ የውሃው መስመር የት እንደሚያርፍ ሠሪው ራሱ በእርግጠኝነት አያውቅምና። እ.ኤ.አ. በ1628 የስዊድን ንጉሥ ያሠሩት ቫሳ የተባለ መርከብ ከስቶክሆልም ወደብ ተነሥቶ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይጓዝ በቀላል ነፋስ ተጋድሞ ሰጠመ። መድፎቹ ከበዙበትና ወርዱ ከከፍታው ጋር ካልተመጣጠነ፣ መስመሩ ብቻውን መርከብ አያድንም። በእንግሊዝ አንቶኒ ዲን የተባለው መርከብ ሠሪ፣ አንድ መርከብ ውሃ ሳይነካው ስንት ጫማ እንደሚሰምጥ አስቀድሞ አስልቶ በመናገሩ በ1666 እ.ኤ.አ. እንደ አዲስ ጥበበኛ ተደንቋል። ያን ጊዜ በጎንደር ዓፄ ፋሲለደስ በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመታት ላይ ነበሩ። ዲን ያደረገው፣ መርከቡን በሐሳቡ እንደ ዳቦ ቆራርጦ የእያንዳንዱን ቁራጭ ስፋት መለካትና መደመር ነው። ከአርኪሜደስ እስከ ዲን ድረስ ሕጉ ታውቆ ሳለ ከዕለት ሥራ ጋር ሳይገናኝ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ሒሳቡ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ መስመሩን የሚያሰምረው ማን ነው? በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ የመርከብ ባለንብረቶች ያረጁ መርከቦችን ከዋጋቸው በላይ ኢንሹራንስ እያስገቡ፣ እስከ አፋቸው ድንጋይ ከሰልና እህል እየጫኑ ወደ ባሕር ይሰዱ ነበር። መርከቡ ቢደርስ ትርፍ ነው፤ ቢሰምጥም ትርፍ ነው። ከሳሪው መርከበኛው ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን መርከብ ሕዝቡ «የሬሳ ሣጥን» ብሎ ሰየመው፤ አልሳፈርም ያለ መርከበኛ በሕግ ተከሶ ይታሰር ነበር። ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለ የፓርላማ አባል እ.ኤ.አ. በ1873 ይህን የሚያጋልጥ መጽሐፍ አሳተመ። ከሦስት ዓመት ትግል በኋላ በ1876 በወጣው ሕግ እያንዳንዱ መርከብ የጭነት መስመር በጎኑ ላይ እንዲሳልበት ተደነገገ። ድንጋጌው ግን መስመሩ የት ላይ ይሳል የሚለውን ለባለንብረቱ ተወው፤ ባለንብረቱም እንደሚመቸው ሳለው። መስመሩ በመንግሥት ቁጥጥር ቦታውን እንዲይዝ ሌላ አሥራ አራት ዓመት ፈጅቷል። ዛሬ በዓለም ባሕሮች በሚጓዙ የንግድ መርከቦች ጎን ላይ በአንድ መስመር ለሁለት የተከፈለ ክብ፣ ከጎኑም ለባሕርና ለጨው አልባ ውሃ፣ ለበጋና ለክረምት የተለያዩ ምልክቶች ይታያሉ። የባሕር ውሃ ከጣና ውሃ በመቶ 2.5 ያህል ስለሚከብድ፣ በባሕር 8 ሜትር የሰመጠ መርከብ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ሲገባ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል።

የጣና ደንገል ራሱ በባሕር ላይ የተፈተነበት ጊዜም አለ። ኖርዌጃዊው ቶር ሄየርዳል ጥንታውያን ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያገኘው ከጣና ነው። በካይሮ አቅራቢያ ከፒራሚዶቹ ግርጌ፣ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ጀልባውን ሠሩት፤ ስሙም ራ ተባለ። ደንገል ከሁለት ሳምንት በላይ አይንሳፈፍም የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። በ1961 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ አንድ የሶቪየት ሐኪም ጭምር ያሉበት የሰባት አገር ሰዎች ይዞ ከሞሮኮ ተነሣ። ራ 56 ቀን ተንሳፈፈ። ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አሜሪካ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን ተሳፋሪዎቹ ለቀውት ለመውጣት ተገደዱ። ደንገሉ አልበሰበሰም፤ የኋላ ጫፉ ዝቅ እያለ ሄዶ ማዕበሉ ከዚያ በኩል እስሮቹን ፈታታው። በግብጽ ሥዕሎች ላይ የተቆለመመውን ጫፍ ከጀልባው ወለል ጋር አስሮ የሚያቆመው ገመድ ለጌጥ የተሳለ እንዳልነበረ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከደቡብ አሜሪካ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራዎች ሁለተኛውን ራ በሌላ ዘዴ፣ ሁለት ታላላቅ ክብ እስሮችን በአንድ ላይ አጥብቀው ሠሩት። እሱ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ፤ በጉዞው ሁሉ ግን እየጠጣና ዝቅ እያለ ሄዷልና ተሳፋሪዎቹ ዕቃ ወደ ባሕር መጣል ነበረባቸው።

ከቻድና ከቲቲካካ የመጡት ባለሙያዎች በዓለም ጋዜጦች ፎቶግራፋቸው ታይቷል። የጣና ታንኳ ሠሪዎች ግን በገዛ አገራቸው እንኳ ስም አልነበራቸውም። ታንኳን በመሥራት ከሁሉ በላይ የሚታወቁት፣ ዛሬ ነገደ ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ናቸው። ጉማሬ ያድኑና ሥጋውን ይበሉ ስለነበረ ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው አይበሉም፣ ከእነሱ ጋር አይጋቡም ነበር። ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሥራው ስም እየጠራ ያንቋሸሸው ፊውዳላዊ አስተሳሰብ እነርሱንም ከሰው በታች አድርጎ አይቷቸዋል። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ አዋጁ ግን እስከ ሐይቁ ዳር ስለ መድረሱ የሚመሰክር ኑሮ አልታየም። ውጤቱ በቁሳዊ ባህል ጥናት ላይ ይታያል። የገዳማቱ ሥዕሎች በዝርዝር ተመዝግበዋል፤ ወደ ገዳማቱ ያደረሰው ታንኳ ግን ስንት እስር እንዳለው፣ እስሩ በስንት ቦታ እንደሚጠብቅ፣ ስንት ሰው ሲሳፈርበት ሠሪው «በቃ» እንደሚል እምብዛም የተጻፈ ነገር የለም። የተቃለለ ሰው የሚያውቀው ነገርም አብሮ ይቃለላል።

ይህ መዝገብ ዛሬ ካልተሞላ የሚሞላበት ጊዜ እያጠረ ነው። የባሕር ዳር ከተማ መስፋፋት ነዋሪዎቹን ከዳርቻው ገፍቷቸዋል፤ የደንገሉ ጫካ ለእርሻ እየተመነጠረ ቀንሷል፤ የሞተር ጀልባና የብረት ጀልባ መንገዱን ወስደዋል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም እምቦጭ የተባለው ባዕድ አረም በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ፣ ርብና ጉማራ በሚገቡበት በኩል ጭምር፣ ተንሰራፍቷል። አረሙ የሚንሳፈፈው በቅጠሉ አንገት ላይ ባለው አየር በተሞላ እብጠት ነው፤ ደንገሉ በሚንሳፈፍበት በዚያው ዘዴ።

እስካሁን ግን ከዘጌና ከሌሎች የሐይቁ ዳር መንደሮች ማገዶ ጭነው ወደ ከተማው የሚቀዝፉ ታንኳዎች አልጠፉም። ቀዛፊው ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ታንኳውን ውሃ ላይ አይተወውም። ጎትቶ ወደ የብስ ያወጣዋል፤ ጫፉን ከዛፍ ወይም ከግድግዳ ጋር አስደግፎ ያቆመዋል። የጠጣው ውሃ ከታች በኩል እየተንጠባጠበ አሸዋውን ያረጥባል። በማግሥቱ ጠዋት ሠሪው ወይም ቀዛፊው አንደኛውን ጫፍ በሁለት እጁ ያነሣዋል፤ ከትናንቱ ቀልሎ እንደሆነ ይመዝነዋል፤ ካልቀለለ መልሶ ወደ ፀሐይ ያዞረዋል።